በአጅዋንግ ስም

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ሙሉብርሃን የፈራችው ግን እስከ ሰባት ሰዓት አልደረሰም፤ ስምንት ሰዓት ሆነ፣ አሁንም የለም፤ በዘገየ ቁጥር ደግሞ ፍርሃቱ ያድጋል እንጂ አይቀንስም።

ሙሉብርሃን በጋምቤላ ከተማ የአንድ ሆስፒታል የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። አምስት ዓመት ሙሉ በላብራቶሪው ትንሽ መስኮት ወባ ላለበትም ለሌለበትም፣ ላረገዘችውም ላላረገዘችውም፣ ደስታውንም መርዶውንም በአንድ ዓይነት ፊት ስትሰጥ ኖራለች። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ የአዲስ አበባው የምርመራ ውጤት በጠዋቱ አውሮፕላን የሚገባበት ቀን። ፖስታውን ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ የሚያመጣው ኦቹዶ ነው፤ ሌላ ጊዜ አምስት ሰዓት ሳይሞላ መስኮቷ ላይ ብቅ ይል ነበር። ዛሬ ቀረ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ የምታየው ደም የማን እንደሆነ እየጠፋባት፣ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች።

ኦቹዶን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። የኢታንግ ልጅ ነው፤ አኙዋክ፣ ቁመቱ በር ላይ የሚያስጎነብሰው፣ ሳቁ ከአፉ ቀድሞ ዓይኑ ላይ የሚታይ። ሥራው ከኢታንግ ጤና ጣቢያና ከትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የደምና የሽንት ናሙና በበረዶ ሳጥን ይዞ፣ በሞተር ብስክሌቱ አቧራውንም ጭቃውንም አልፎ ወደ ከተማ ማድረስ ነው። እሱ ሲያስረክብ ሙሉብርሃን ደብተሩ ላይ ትፈርማለች። ፍቅራቸውም የተጀመረው እዚያው ደብተር ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን «እዚህ ጋ ፈርሚ» አላት። በሳምንቱ «ፊርማሽ ያምራል» አላት። በወሩ ከሳጥኑ ውስጥ፣ ከበረዶው ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አገኘች። ወረቀቱ ርሶ ቀለሙ ፈስሶ ስለነበር በማይክሮስኮፑ መብራት አድርቃ አነበበችው። ከዚያ ወዲህ ስንት ደብዳቤ እንደደረቀ የሚያውቁት እሷና መብራቱ ብቻ ናቸው።

አባቷ አያውቁም። አቶ ወንዳፍራሽ ለእርሻ ሥራ ከጎጃም መጥተው ሠላሳ ዓመት ጋምቤላ የኖሩ ሰው ናቸው። ከተማዋን ይወዷታል፣ የአኙዋክ ጎረቤታቸው ለቅሶ ላይ ከማንም ቀድመው ይገኛሉ፣ ማንጎ ሲደርስ ጓሮአቸውን ለሠፈሩ ልጅ ሁሉ ይከፍታሉ። ጋብቻ ሲነሳ ግን «ጉርብትና ሌላ፣ አማችነት ሌላ» ይላሉ፤ ይህንንም የሚሉት ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ነውና መልስ መስጫ ቀዳዳ አይተዉም። ሙሉብርሃን ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስትል ሁለት ዓመት ሆናት።

ነገሩን ያበላሸው ያለፈው ክረምት ነው። ኢታንግ በውሃ በተከበበችበት ሰሞን ኦቹዶን ትኩሳት ያዘው። ወባ ተመረመረ፣ የለም። ታይፎይድ ተመረመረ፣ የለም። ቫይረስ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይለቃል ተባለ። ከተማ ውስጥ በተከራያት ክፍል ሙሉብርሃን አራት ቀን ሾርባ እያመላለሰች፣ ትኩስነቱን በእሱ ኩባያ ቀምሳ እያቀበለች አስታመመችው። በሳምንቱ እሷ ተኛች። እሱ ዳነ፤ እሷም የዳነች መሰላት።

መስከረም ከጠባ በኋላ የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ አሏት። ቀጥሎ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀር ጀመር። ቀጥሎ ፀሐይ በነካት ቀን ከአንዱ ጉንጯ እስከ ሌላው፣ አፍንጫዋን ተሻግሮ፣ ሽፍታ ይወጣባት ጀመር። ስሟ ሙሉብርሃን የሆነ ሰው ከብርሃን ሲሸሽ ማየት ባያስፈራ ኖሮ ያስቅ ነበር።

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ዶክተር ጩዎል በር ዘግቶ አነጋገራት። ሉፐስ ሊሆን ይችላል አላት። ሰውነት ውስጥ ዘበኛ አለ፤ ቫይረስ ሲገባ ዱላውን ይዞ ይነሳል፤ አብዛኛው ሰው ላይ ሌባውን አባርሮ ይመለሳል። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ማቆሚያው ይጠፋውና የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብሎ ይመታል፤ ቆዳውን፣ መገጣጠሚያውን፣ ሲብስ ደግሞ ኩላሊቱን። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። እንጨቱ ቀድሞውኑ በሰውየው ደም ውስጥ ተደርድሮ ይቆይ ይሆናል፤ ቫይረስ ምናልባት ክብሪቱ ሊሆን ይችላል፣ እርግጠኛ ሆኖ ግን ማንም አይናገርም። የትኛው ቫይረስ ብላ ስትጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ለኩላሊቷ ሲባል አዲስ አበባ መሄድ እንዳለባትም ነገራት።

ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ እሷ ይዛ የወጣችው ክብሪት የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ኩባያው ትዝ አላት። ኦቹዶ ይህን ከሰማ «እኔ ነኝ ያስያዝኳት» ብሎ ራሱን ሲከስ እንደሚኖር አወቀች፤ እሱን ታውቀዋለች፣ የሌላውን ሰው ጥፋት እንኳ የራሱ የሚያደርግ ነው። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አለች።

ምርመራው ግን ጋምቤላ አይሠራም፤ ደሙ አዲስ አበባ መላክ አለበት። ብልቃጡ ላይ ስም ይጻፋል፣ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ መዝገቡን ባልደረቦቿ ሁሉ ያነቡታል። ከስታ ፀጉሯ የሳሳ ሴት ደሟ አዲስ አበባ ተላከ ከተባለ ከተማው የምርመራውን ዓይነት አይጠይቅም፤ ያ በሽታ ነው ብሎ ይፈርድና ፍርዱን ማታውኑ አባቷ ደጃፍ ያደርሰዋል። ደሟን በገዛ እጇ ቀዳች። ልትጽፍ ብዕር አንስታ ብዙ ቆየች። ከዚያ የመጣላትን ስም ጻፈች፤ አጅዋንግ ኦጁሉ፣ ሃያ አራት ዓመት፣ ኢታንግ። አጅዋንግ የኦቹዶ ታናሽ እህት ናት። ሙሉብርሃን አይታት አታውቅም፤ ግን ኦቹዶ ስለ እሷ ሲያወራ ከመስማቷ ብዛት አብራት ያደገች ያህል ታውቃታለች። ውጤቱ ታሽጎ ለዶክተሩ ስለሚመጣ ስሙን ማንም አያየውም ብላ ራሷን አጽናናች።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። በነጭ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ደግሞ ስምንት ቀን ሙሉ ያልተመለሰ የኦቹዶ ደብዳቤ አለ። እንዲህ ይላል፦

«ሙሉ፣ እኔ አንቺን የማገኝሽ ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻ ነው። በቀን ስጠራሽ ራሴን አመመኝ ትያለሽ። ባሮ ዳር እንሂድ ስልሽ ፊትሽን በሻርፕ ትሸፍኛለሽ፣ ሰው ሲመጣ እርምጃሽ ይፈጥናል። አንቺ ቀይ ነሽ፣ እኔ ጥቁር ነኝ። ይህን በመጀመሪያው ቀንም አይተነው ነበር። ካፈርሽብኝ ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም። ግን በጨለማ ብቻ የምትወጂኝ ከሆነ እኔ ሌባ አይደለሁም። ኦቹዶ።»

አላፈርኩብህም ብላ ለመመለስ ፀሐይዋን መንገር አለባት፤ ፀሐይዋን ከነገረችው በሽታውን፣ በሽታውን ከነገረችው ትኩሳቱን፣ ትኩሳቱን ከነገረችው ኩባያውን። ስለዚህ ደብዳቤው ኪሷ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ።

አሥር ሰዓት ሲል ሞተሩ መጣ። ድምፁን ለይታ ታውቀዋለች፤ ልቧ ግን እንደሌላው ቀን ደስ አላለውም፣ ወደቀ እንጂ። ኦቹዶ የተሰለፈውን ሰው አልፎ መስኮቱ ጋ ሲደርስ የናሙናው ሳጥን በእጁ የለም። ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። በአንድ እጁ የተቀደደ ፖስታ፣ በሌላው የአንዲት ቀጭን ልጅ ክንድ ይዟል። ሰላም አላለም። ፖስታውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ።

«አጅዋንግ ናት፤ እህቴ» አለ። ድምፁ የራሱ አይመስልም። «ፖስታው ላይ ስሟን አየሁ። የእህቴ ስም ነው ብዬ ከፈትኩት። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው፣ ፖዘቲቭ የሚለውን ግን አውቃለሁ። ከኤርፖርት ቀጥታ ኢታንግ ሄጄ አመጣኋት። ደም ሰጥቼ አላውቅም ትለኛለች። ፈርታ ነው የምትደብቀኝ። ሙሉ፣ እህቴ ልትሞት ነው?»

ሙሉብርሃን ወረቀቱን አየችው። ማየት እንኳ አላስፈለጋትም፤ በሁለቱም ምርመራዎች ትይዩ ያው ቃል ተጽፏል፤ ፖዘቲቭ፣ ፖዘቲቭ። ለሰው ስንት ጊዜ የሰጠችው ቃል ለራሷ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያወቀችው የዚያን ጊዜ ነው። ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። ፊቷን የሚያየው ኦቹዶ ደግሞ ለእህቱ የደነገጠች መስሎት፣ ይባስ ብሎ አመድ መሰለ።

መውጫ መንገድ ነበራት። አጅዋንግ የሚባል ሰው በክልሉ ስንት አለ፣ የስም መመሳሰል ነው ብትለው ያምናታል፤ ተደስቶ፣ ምናልባትም ስቆ፣ እህቱን ይዞ ይመለሳል። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የዚያን ጊዜ አጅዋንግ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን በመስኮቱ ዘረጋች።

«እንደገና ውሰጂ» አለች፤ «አሁን እዪ፣ እኔ እያለሁ።»

ሙሉብርሃን ያንን ክንድ አይታ መዋሸት አቃታት። ሁለቱንም ወደ ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋችው።

«የአንቺ ደም አይደለም» አለች። «ደሙ የእኔ ነው። ስምሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ኦቹዶ መጀመሪያ ትንፋሹን ለቀቀ፤ እህቱ ተርፋለችና ፊቱ ለአፍታ ፈካ። ከዚያ የሰማው ነገር ገባው። ስለ በሽታዋ ገና ሳይጠይቅ፣ ስሙ ነው የቀደመው።

«በሽታሽን በእኛ ስም ጻፍሽው?» አለ በዝግታ። «የእናንተ ሰው ስም አጥተሽ ነው? ባልደረቦችሽ ሊናና ቤዛ የሉም? ለምን እህቴ?»

ልትለው የምትችለው ብዙ ነበር። ስሟን ስለምወደው ብትለው ግማሹ እውነት ነው፤ የቤታችሁ ሰው መሆን ስላማረኝ ብትለውም ውሸት አይሆንም። ሙሉብርሃን ግን ውጤት አድበስብሳ ሰጥታ አታውቅም። ከውስጧ የወጣውን ስትሰማው ራሷም ደነገጠች።

«የአኙዋክ ልጅ ታመመች ቢባል እዚህ ማንም ስሟን ልብ አይልም ብዬ ነው» አለች።

ኦቹዶ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። በሩን ከፍቶ ወጣ። ሙሉብርሃን ደብዳቤውን በኪሷ ውስጥ ጨምቃ ያዘችው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአባቷ ላይ ስትሸሸው የኖረችው ነገር፣ ለካ እሷው ውስጥ ተደብቆ ከርሟል። በዚያች ደቂቃ ከበሽታዋ ይልቅ ራሷን ፈራች።

አጅዋንግ አልወጣችም። እጅጌዋን ወደ ታች እየመለሰች ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ጉንጯን፣ የሳሳውን ፀጉሯን፣ ያበጡትን ጣቶቿን።

«ስሜን ስትጽፊ ፈርተሽ ነበር?» አለቻት።

«አዎ።»

«እኔም ዛሬ ፈራሁ። ከኢታንግ እስከዚህ ድረስ፣ ሞተሩ ላይ፣ ልጆቼን ማን ያሳድጋል እያልኩ መጣሁ። ያንቺን ፍርሃት ነው የተሸከምኩልሽ።» እጇን ዘርግታ የሙሉብርሃንን ትከሻ ነካች፤ ለማባበል ይሁን ለመውቀስ አያስታውቅም። «ይበቃል እህቴ። አሁን ስሜን መልሽልኝ። ሂጂ፣ እሱንም ተከተይው።»

ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ከኒሙ ዛፍ ሥር አስታማሚው፣ በሩ ላይ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ካርድ ክፍሉ ጋ የአባቷ የቀድሞ ባልደረባ። ፀሐይዋ አሥር ሰዓት አልፎም ገና አናት ትበሳለች። ሙሉብርሃን ጃንጥላዋን ምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ተወችው። የአንገቷን ሻርፕም አወለቀችው። ኦቹዶ ሞተሩን ሊያስነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ጥላዋ መሪው ላይ ሲወድቅ ቀና አለ። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ ተገልጣ ሲያያት ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

«ፊቴን እየው» አለችው። «ሉፐስ ይባላል። ፀሐይ ሲነካኝ ይብስብኛል፤ የምሸሸውም፣ የምሸፈነውም ለዚህ ነው። በአንተ አፍሬ አላውቅም። የእህትህን ስም በመጻፌ ግን ልክ ነህ፤ የሚታፈርብኝ እኔው ነኝ።»

ኦቹዶ ከሞተሩ ላይ ወርዶ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ፤ ሙሉብርሃን ጥሏት የሚሄድ መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው በፀሐይዋና በእሷ መካከል ቆሟል። ረጅሙ ጥላው ከራሷ እስከ ወገቧ ሸፍኗታል። እንባዋን የለቀቀችው ያኔ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አላት።

ሌላ ቀን ብትለው ኖሮ! አሰብ አድርጋ ከታህሳስ ብትለው፣ ከጥር ብትለው። ሰው ሲያለቅስ ግን አያሰላም።

«ከክረምቱ ትኩሳት ወዲህ።»

ፊቱ ላይ ነገሩ ሲደርስ አየችው። ትኩሳት፣ አልጋ፣ ሾርባ፣ ኩባያ። ስትፈራው የከረመችው ነገር ዓይኗ እያየ ወደ ውስጡ ገባ። የጎርፍ ውሃ ሞተሩን በትከሻው ተሸክሞ የሚሻገር ሰው አሁን ሞተሩን በእጁ ተደገፈ።

«ትኩሳቱ የእኔ ነበር» አለ። «ሙሉ፣ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ?»

አይደለም ለማለት አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ለእሱ ሰላም፣ ለእሷም ዕረፍት ትሰጣለች። ሙሉብርሃን ግን ከዛሬ ጀምሮ በሌላ ስም የተጻፈ ነገር አትሰጠውም።

«አላውቅም» አለችው። «ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ዶክተር ጩዎልም አያውቅም፣ የአዲስ አበባዎቹም አያውቁም። ቫይረሱ ቢይዘኝም ባይዘኝም ይህ በሽታ በውስጤ ተኝቶ ኖሮ ይሆናል። የማውቀው ቢኖር ያን ኩባያ ያነሳሁት ራሴ መሆኔን ነው፤ ወድጄ ነው፣ ማንም አላስገደደኝም።»

«ብትዋሽኝ አምንሽ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

ካርድ ክፍሉ ጋ ያሉት ሰውዬ ስልካቸውን አውጥተዋል፤ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ሊገባ ነው። ሙሉብርሃን ሰውዬውን አየቻቸው፤ ከጥላው ግን አልወጣችም። ማታ ለአባቷ የምትነግራቸው ሁለት ነገር እንደሆነ ተሰማት፤ ሁለቱንም ፈራቻቸው።

ዶክተር ጩዎል ውጤቱን አንብቦ ብዙ አላወራም። መድኃኒቱን ዛሬውኑ እንድትጀምር ጻፈላት። በሌላ ሰው ስም የመጣ ወረቀት ግን በእሷ ካርድ ውስጥ መግባት አይችልም፤ አዲስ አበባ ለኩላሊቷ ከመሄዷ በፊት ደሟ በራሷ ስም ይላክ አለ። ለምን በሌላ ስም እንደላከች እንኳ አልጠየቃትም፤ አስቀድሞ ጠርጥሮ ይሆናል።

ደሟን ዛሬ የቀዳላት ባልደረባዋ ዘርአብሩክ ነው፤ አጅዋንግ ደግሞ ክንዷን ያዘችላት። ብልቃጡ ላይ ሙሉብርሃን ወንዳፍራሽ ብላ ጻፈች። ኦቹዶ ብልቃጡን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ለማድረስ የበረዶ ሳጥኑን አምጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እያየ ደብተሩን ከፈተ፣ በጣቱም ባዶውን መስመር አሳያት።

«እዚህ ጋ ፈርሚ» አላት።

ብዕሩን ያዘችው። ጣቶቿ እምቢ አሉ፤ በግድ ስታጥፋቸው ሕመሙ እስከ ክርኗ ወጣ። የድሮው ፊርማዋ አንድ ጊዜ ተነስቶ፣ ዞሮ፣ ጅራቱን አስረዝሞ የሚያርፍ ነበር። የዛሬው ሦስት ቦታ ተሰብሮ፣ መስመሩን ስቶ፣ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ደብተሩን ወደ እሱ መለሰችው፤ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

ኦቹዶ ገጹ ላይ አጎነበሰ።

«ፊርማሽ ያምራል» አላት፤ ዓይኑን እንባ ሞልቶት ፊርማው ግን አይታየውም ነበር።